ለቀድሞ ወታደሮች የአንድ ቀን የቡድን ምክክር ማዘጋጀት

ሰንዳፋ ወይም ሆለታ አካባቢ ከሆነ ከገበያ ቀንና ከአጨዳ ወቅት ሽሹ። ከ8 እስከ 10 ሰው ይበቃል። ወንበሩን በግማሽ ክብ ደርድሩ፣ በሩ ለሁሉም ይታይ፤ ጀርባውን ለበር የሰጠ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲገላመጥ ይውላል።

የጦር ሜዳ ታሪክ በዙር አታስተርኩ። አንዱ ያየውን ሬሳ ሲያወራ ሌላውን ላብ ያጠምቀዋል፣ ከሻይ በኋላም አይመለስም። ዛሬ የሚያስቸግራቸውን ጠይቁ፦ እንቅልፍ ማጣት፣ ቁጣ፣ አረቄ። ሻለቃው ቀድሞ ከተናገረ አስር አለቃው አፉን አይከፍትም፤ ስለዚህ ከታች ጀምሩ።

ድንጋጤ ሲመጣ እግራቸውን መሬት ላይ ተጭነው የሚያዩአቸውን 5 ነገሮች እንዲጠሩ አለማምዷቸው። ዓይን ማስጨፈን ይቅር፤ አንዳንዱን ያስበረግጋል።

መሞትን የሚያነሳ ካለ ራሱን ሊያጠፋ አስቦ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት። ካሰበ፣ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም አማኑኤል ሆስፒታል አድርሱት።