የስኳር አበባ ለምን ይሰነጠቃል? ኬክ ሲያስጌጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያዋን የስኳር ጽጌረዳ የሠራሁት እዚሁ አዳማ፣ ሚያዝያ ላይ፣ ከሙቀቱ የተነሣ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ ነበር። አምስተኛውን የአበባ ቅጠል ሳጣብቅ የመጀመሪያው ጫፉ እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰነጣጥቋል። "እጄ ለዚህ አልተፈጠረም" ብዬ ትቼው ልቀር ነበር። ለካ ጥፋቱ የመስኮቱ ኖሯል። ከከተማው ወጣ ብለው የቆሙትን ተርባይኖች የሚያዞር ነፋስ ለኔ ፎንዳንት (አበባና ቅርጽ ለሚሠራበት የስኳር ሊጥ) ይራራል ብዬ ማሰቤ ነው የሚገርመው።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት እንግዲህ ፎንዳንትን ገልጦ መተው ነው። አንድ ሎሚ የምታህል ብቻ ቆርሰው ይሥሩ፤ የቀረውን በላስቲክ ጥብቅ አድርገው ጠቅልለው ዕቃ ውስጥ ይክደኑት። መሰንጠቅ ከጀመረ ውሃ ጠብ አያድርጉበት። ውሃ ሲነካው ይጣበቃል፣ ሲጣበቅ ስኳር ይነሰንሱበታል፣ ስኳሩ ደግሞ መልሶ ያደርቀዋል፤ መጨረሻ የሌለው ጣጣ ነው። ሁለት ሦስት ጠብታ ግሊሰሪን ጨምረው ቢያሹት ይለሰልሳል። ግሊሰሪን ስል ቆዳችንን የምንቀባውን አይደለም፤ ለምግብ ተብሎ የተዘጋጀውን ነው።

ሁለተኛው ስህተት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ያለቀለትን አበባ ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ። ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንደሚያልበው ሁሉ አበባውም ያልበዋል። ስኳር እርጥበት ስለሚስብ መጀመሪያ ያብለጨልጫል፣ ቀጥሎ ይለሰልሳል፣ ከዚያ አንገቱን ይደፋል። የሚሻለው የካርቶን ሣጥን ነው፤ አየር ያስገባል፣ ብርሃን ይከለክላል። ክሬም ያለው ኬክ ፍሪጅ ማደሩ ግድ ከሆነ አበባውን ሊቆረስ ሲል ይትከሉት።

ስለ ጊዜ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ስስ የአበባ ቅጠል ለመድረቅ አንድ ቀን ይበቃዋል፤ ወፍራም የሰው ወይም የእንስሳ ቅርጽ ግን ሦስት አራት ቀን ይፈልጋል። ለእሑድ ልደት ቅዳሜ ማታ ተጀምሮ ፀሐይ ላይ የተሰጣ አንበሳ ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ ሊጥ ይሆናል። ሮዝና ሐምራዊ ቀለም ደግሞ ፀሐይ ሲያየው ይገረጣል።

ስኳሩ ላይ ትንሽ እንቆይ። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ አጠገባችን እያለ የተፈጨ ስኳር በውድ ዋጋ መግዛት የሚያንገበግባቸው ብዙ ናቸው፤ እኔም ነበርኩበት። በብሌንደር ፈጭቶ መጠቀም ይቻላል፤ ስህተቱ በተራ ወንፊት ነፍቶ መተው ነው። አንዲት ያልደቀቀች ቅንጣት ኬክ ላይ የምንጽፍበትን ቱቦ ጫፍ ትደፍናለች፣ ፎንዳንት ላይ ደግሞ እንደ አሸዋ ትቆረቁራለች። በቀጭን ሻሽ ይንፉት፤ እንዳይጓጉልም ለአንድ ኪሎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ይቀላቅሉበት። ስኳሩ ራሱ ነጣ ያላለ ከሆነ ለሙሽራ ኬክ የሚሆን ንጹሕ ነጭ አይወጣውም፤ ያኔ የታሸገውን መግዛት ነው።

ፎንዳንቱን የሚያይዘው ጀላቲን ላይ ሁለት ስህተት አለ። አንዱ ማፍላት ነው፤ ከፈላ የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ጀላቲን በ60 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አምስት ደቂቃ ያህል ዘፍዝፈው በእንፋሎት ላይ እስኪጠራ ብቻ ያሙቁት።

ሌላው የባሰ ነው። አንድ ቀን አንዲት እናት ለፍልሰታ ኬክ ሊያዙ መጡ።

"ልጄ፣ ጾም ነው አይደል?"

"አዎ እማማ፣ ወተትም እንቁላልም የለበትም።"

"አበባውስ?"

ዝም አልኩ። አበባው ውስጥ ጀላቲን ነበረ፤ ጀላቲን ደግሞ የሚሠራው ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ነው። ማርሽማሎው የሚባለውን ለስላሳ ከረሜላ አቅልጠው ፎንዳንት የሚሠሩም ያው ጀላቲን እየጨመሩ ነው። ለሙስሊም ደንበኛም ከምን እንደተሠራ ማሸጊያው ላይ አንብቦ ማረጋገጥ ይገባል። አሁን ለጾም አበባ ጀላቲኑን ትቼ ከዕፅዋት የሚገኘውን ሲኤምሲ የሚባል ዱቄት እጠቀማለሁ። በቱቦ ለሚጻፈው አይሲንግ (የስኳር ማስጌጫ) ደግሞ በእንቁላል ነጭ ፋንታ ያለ ጨው የተቀቀለ የሽምብራ ውሃ ይሆናል። እንደ እንቁላል ነጭ እስኪያዝ አፍልተው ያቀዝቅዙትና ሁለት የሾርባ ማንኪያውን በአንድ እንቁላል ነጭ ቦታ ይምቱት። አረፋውን ሲያዩ አያምኑም! ሳህኑ ላይ ግን የቅቤ ወይም የዘይት ቅሪት ካለ እንቁላልም ሆነ ሽምብራ አይነሣልዎትም።

አሁን ወደሚያስፈራው። የሚያብለጨልጭ ብናኝ "መርዝ የለበትም" ተብሎ ስለተጻፈበት ይበላል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት ስድስት ልጆች የልደት ኬክ በልተው ታመሙ፤ ኬኩ ላይ የነበረው ወርቅማ ብናኝ መዳብ የበዛበት ነበር። ዕቃው ላይ "የሚበላ" የሚልና ከምን እንደተሠራ የሚዘረዝር ጽሑፍ ከሌለ ይተዉት። ከአበባ እርሻ የመጣ ጽጌረዳ ኬክ ላይ መሰካትም እንዲሁ ነው፤ ፀረ ተባይ ሲረጭበት ይበላል ተብሎ አይደለም።

ቀለም ሲጨምሩ ፈሳሹን ትተው ወፈር ያለውን በስቴኪኒ ጫፍ እየነኩ ይጨምሩ። ቀይና ጥቁር አድረው ስለሚጎሉ ማታ የፈለጉት ላይ ሳይደርስ ይተዉት።

ስቴኪኒ ካነሣን፣ የእንስሳ ቅርጽ ራስና ገላ ለማያያዝ እሱን መሰካት የብዙዎቻችን ልማድ ነው። እኔ በምትኩ ያልተቀቀለ ፓስታ ሰብሬ እሰካለሁ። ይይዛል፣ ይበላል። የልደቱ ባለቤት መጀመሪያ የሚነክሰው የአንበሳውን አንገት ነውና።