የሸክላ አታሞ ስትሠሩ ቀዳዳው ላይ አትሳሳቱ

በቀደም አንድ ልጅ የተሰነጠቀ ማሰሮ ታቅፎ ደሴ ያለሁበት ድረስ መጣ። ማሰሮውን ከገበያ ገዝቶ፣ ቆዳ ሊወጥርበት አስቦ ዙሪያውን በምስማርና በመዶሻ ሲበሳ ነበር። ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ስንጥቁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሮጠ። እንዲህ ያለ ማሰሮ ስንቴ እንዳየሁ!

እባካችሁ፣ የተተኮሰ ሸክላ በምስማር አይበሳም። ቀዳዳው የሚወጣው ጭቃው ሳይተኮስ ነው፤ ያውም በቀኑ። በጣም እርጥብ ከሆነ አፉ ይጣመማል። ከደረቀ ይፈረፈራል። ጥፍራችሁን ስትጫኑት ምልክት የሚቀበል፣ እጅ ላይ ግን የማይጣበቅ ሲሆን ያኔ ብሱት። በወስፌ አትውጉት፤ ወስፌ ጭቃውን እየገፋ ዙሪያውን ያሳሳዋል። ቀጭን ሸንበቆ ቁረጡና በሌላ እጃችሁ ከውስጥ ደግፋችሁ እያሽከረከራችሁ አስገቡት። ጭቃው እንደ ቡሽ ተቆርጦ ሸንበቆው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ጠርዙን በእርጥብ ጣት አለስልሱት። ስለታም ጠርዝ በቀዳዳው አልፎ ቆዳውን የሚወጥረውን ጠፍር ይበላዋል።

ቀዳዳውን ከጠፍሩ ትንሽ አስፉት። ጭቃ ሲደርቅም ሲተኮስም ይኮማተራል።

ከአፉ ጠርዝ ቢያንስ ሦስት ጣት ራቁ። ይህን እኔም ተሳስቼበታለሁ። በጀማሪነቴ አንድ ጣት ብቻ ርቄ በሳሁ። የፍየሉን ሌጦ እርጥቡን ጥርቅም አድርጌ ወጠርኩትና ተኛሁ። ሌሊት ጧ! ሲል ሰማሁ። ጠዋት ሳየው ከንፈሩ ከነጠፍሩ ተገንጥሏል። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ጉልበቱም ከባድ ነው። ስለዚህ እርጥቡን ለቀቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ሲደርቅ ራሱ ይወጠራል። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ጥላ ይበቃዋል።

የለፋ ቆዳ አይሆንም። ይለጠጣል እንጂ አይጮህም።

እርጥበቱ ያልወጣ ሸክላም እሳት ውስጥ አትክተቱ፤ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ያፈነዳዋል።

ቆዳውን ከመወጠራችሁ በፊት ማሰሮውን በጣታችሁ አንጓ ኳ አድርጉት። ደህና ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተሰነጠቀው ድፍን ይላል፤ መንዙማ እየሰማ ያደገ የወሎ ጆሮ ወዲያው ይለየዋል። ታች የምትበሳዋን የአየር ቀዳዳም አትርሱ። እሷ ከሌለች ድምፁ ይታፈናል፤ እሷም የምትበሳው እንደሌሎቹ ሳይተኮስ ነው።