ኤምኤስ ያለበት ልጅ ትምህርት ሲከብደው፦ ከልጄ ጋር በሦስት ዓመት የተማርኩት

ሚጡ 13 ዓመቷ ነበር። አንድ ጠዋት ስትነሳ የግራ ዓይኗ ደበዘዘባት። ኤምአርአይ ተነሳች፣ ሌላም ብዙ ምርመራ ተደረገላት፤ በመጨረሻ መልቲፕል ስክለሮሲስ ነው ተባልን። ባጭሩ ኤምኤስ ይሉታል። ስቴሮይድ በደም ሥሯ ተሰጣት፣ ዓይኗ ቀስ በቀስ ተመለሰ። እኛም ተመስገን ብለን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኘው ቤታችን ገባን።

ያለፈልን መስሎኝ ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ የሪፖርት ካርዷ መጣ። ሒሳብ የምትወድ ልጅ ፈተናውን ግማሽ ድረስ ብቻ ሠርታ እየሰጠች ነበር። የሠራችው በሙሉ ልክ ነው፤ የቀረው ባዶ ነው። እኔ ስልኩን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎ ጓደኞቿን፣ ከዚያ ስንፍናን። ስልኩን ቀማኋት።

ዓይኔን የገለጠልኝ አንድ እሑድ ወጥ ቤት ውስጥ የሆነ ነገር ነው። «ሽንኩርቱን ክተፊ፣ ድስቱን ጣጂ፣ ከዚያ ሽሮውን ከላይ አውርጂልኝ» አልኳት። ሽንኩርቱን አሳምራ ከተፈችው። ከዚያ ቢላዋውን እንደያዘች ቆመች። «ጆሮሽ የት ነው?» ብዬ ጮህኩባት። ቢላዋውን አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦ «እማ፣ ሁለተኛውን ስትነግሪኝ የመጀመሪያውን ለመያዝ እየታገልኩ ነው። ሦስተኛው አልገባም።» ያን ቀን ያለቀስኩት ልቅሶ እስካሁን ደረቴ ውስጥ አለ። ልጄን በሕመሟ ስቆጣት ከርሜአለሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው። ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ ማየሊን የሚባል ሽፋን አለው። ኤምኤስ ይህን ሽፋን ስለሚያቆስለው መልእክቱ ይዘገያል ወይም ይቆራረጣል። ኤምኤስ ካለባቸው ልጆችና ወጣቶች ከሦስቱ በአንዱ ገደማ ይህ በማሰብ ችሎታቸው ላይ ይታያል። መራመድም መሮጥም እየቻሉ ማለት ነው፤ ለዚህ ነው ሰው የማያየው። የሰሙትንና ያነበቡትን ለመጨረስ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ትኩረታቸው ይበተናል። አሁን የተነገራቸውን ነገር ይዘው መቆየት ይቸግራቸዋል። ከሰሌዳ መገልበጥ ይከብዳቸዋል። ቃል ምላሳቸው ላይ ሆኖ እምቢ ይላል። ሚጡ «ማንኪያ» ማለት አቅቷት በእጇ ስታማስል አይቻለሁ። ነገሩ ግን ይገባታል። የሚዘገየው መድረሱ ነው።

ለዘመድ ስታስረዱ አንድ ነገር ልምከራችሁ። «የነርቭ በሽታ» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። እኔ እንዲያ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልጅቷ አእምሮዋን ነካት ተብሎ ተወራ። የሽቦውን ምሳሌ ንገሯቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል።

ቀጥሎ ምርመራ ነው። ኒውሮሎጂስቷን፣ ማለትም የነርቭ ሐኪሟን፣ «አስተሳሰቧን ለክታችሁታል?» ብላችሁ ጠይቁ። 8 ዓመት የሞላው ኤምኤስ ያለበት ልጅ በየዓመቱ አጭር የማጣሪያ ፈተና እንዲወስድ ይመከራል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፈተና ቀላል ይመስላል። ከላይ ዘጠኝ ምልክቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ምልክት ከ1 እስከ 9 የራሱ ቁጥር አለው። ልጁ ከሥር የተደረደሩትን ምልክቶች እያየ ቁጥራቸውን ይናገራል። ጊዜው 90 ሰከንድ ነው። አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። አንድም አልተሳሳተችም፤ ግን በየምልክቱ ዓይኗ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ሰዓቱ ሲያልቅ ገና ብዙ ይቀራት ነበር። የሒሳብ ፈተናዋ ወረቀት ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

ይህ ማጣሪያ ብቻ ነው። የትምህርት ውጤቷ ወይም ጠባይዋ ያለ ምክንያት ከተለወጠ ሙሉ የኒውሮሳይኮሎጂ ምርመራ ጠይቁ፤ ትኩረትን፣ ማስታወስንና የማሰብ ፍጥነትን በዝርዝር የሚለካ ነው። ሰዓታት ይፈጃል፣ ወረፋውም ወራት ሊሆን ስለሚችል ዛሬ ተመዝገቡ። ኢንሹራንሱ ካንገራገረ ሐኪሙ ለሕክምናዋ አስፈላጊ ነው ብሎ እንዲጽፍ አድርጉ። ለመርማሪዋ ደግሞ ቤት ውስጥ አማርኛ እንደምትናገሩ፣ ልጁም እንግሊዝኛ ከመቼ ጀምሮ እንደሚናገር ንገሯት። እኛ ዘንድ አንድ አስተማሪ ቃል ሲጠፋባት አይቶ «ሁለት ቋንቋ ስለተቀላቀለባት ነው፣ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ አናግሯት» አለን። ልጅቷ እዚሁ ተወልዳ እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ ነበር! አማርኛችሁን አታቋርጡ። ሁለት ቋንቋ ማወቅ ይህን በሽታ አያመጣም፣ አያባብስምም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የምጽፈው እኔ ግማሽ ዓመት ያጣሁበት ቦታ ስለሆነ ነው። የተማሪዎች አማካሪዋን፣ ካውንስለሯን፣ በቃል ጠየቅኩ። «ውጤቷ ያን ያህል መጥፎ አይደለም፣ ትንሽ እንጠብቅ» ተባልኩ። እሺ ብዬ ወጣሁ። በቃል የተባለ ነገር እንዳልተባለ ነው። ጻፉ። ኢሜይል ይበቃል፤ ቀን ይኑረው፣ ቅጂው እናንተ ጋ ይቀመጥ። እኔ የጻፍኩት ይህን ያህል ነው፦

«ልጄ መልቲፕል ስክለሮሲስ አለባት። ሕመሙ የማሰብ ፍጥነቷን፣ ትኩረቷንና ጉልበቷን ነክቶታል። ለልዩ ትምህርትና ለ504 ፕላን ብቁ መሆኗ እንዲታይ ሙሉ ግምገማ እንዲደረግላት እጠይቃለሁ። ለስብሰባው የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲቀርብልኝ እፈልጋለሁ። የሐኪሟ ደብዳቤ ተያይዟል።»

504 ፕላን የሚባለው ከ1973ቱ ሕግ የመጣ ነው፤ ልጁ መደበኛ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ማመቻቸት ያገኛል። አይኢፒ ደግሞ ልዩ ትምህርት ለሚያስፈልገው ነው፤ ግብ ይቀመጥለታል፣ አስተማሪ ይመደብለታል። ለአይኢፒ ግምገማ ፈቃድ ከፈረማችሁ በኋላ በፌዴራል ሕጉ 60 ቀን አላቸው፤ የክልላችሁ ሕግ ሌላ ጊዜ ካስቀመጠ በዚያ ነው። አስተርጓሚ ማምጣት የእነሱ ግዴታ ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስለራሱ ድክመት ሲወራ እየሰማ ለእናቱ መተርጎም ለልጅ ከባድ ሸክም ነው።

ምን ልጠይቅ ካላችሁ፣ ለሚጡ የጠቀማት ይህ ነው። በፈተና ላይ ጊዜ ተኩል። የአስተማሪው ማስታወሻ ቅጂ፣ ከሰሌዳ ከመገልበጥ እንድትድን። ሃያ ተመሳሳይ የሒሳብ ጥያቄ ካለ አሥሩን ብቻ መሥራት። በአንድ ቀን ከሁለት በላይ ፈተና እንዳይኖር። ከባዱ ትምህርት ጠዋት፣ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ ባትሪዋ ያልቃል። ትእዛዝ በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ። ውሃ መያዝና ሳያስፈቅዱ ሽንት ቤት መሄድ፤ ኤምኤስ ፊኛንም ስለሚነካ ይህን አትርሱ። ሲሞቃት ወደ ቀዝቃዛ ክፍል መሄድ። አገርሽቶባት ከቀረች ወይም መድኃኒት የምትወስድበት ቀን ከሆነ ትምህርቱን የምታካክስበት ጊዜ። ለኮሌጅ መግቢያ ኤስኤቲ የሚፈተን ካለ፣ የተጨማሪ ጊዜውን ፈቃድ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ለብቻው ነው የሚሰጠው፤ እስከ 7 ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል ቀደም ብላችሁ ካውንስለሩን አስጀምሩት።

ቤት ውስጥ ደንቡ አንድ ነው፦ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ። ንገሯት፣ ትጨርስ፣ ቀጣዩን ንገሯት። ሦስት ነገር ካለ ፍሪጁ ላይ ጻፉት። ሆምወርክ ስትሠራ ቲቪው ይጥፋ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ ትተኛ፤ ሚጡ 40 ደቂቃ ካላረፈች ማታ የምታነበው ሁሉ ከንቱ ነው። ቃል ሲጠፋባት ቶሎ ብላችሁ አትሙሉላት። እስከ አምስት ቁጠሩ። «እህትሽ በአሥር ደቂቃ ጨርሳዋለች» የሚለው ወሬ ከቤታችሁ ይውጣ። እኔ የማታ ሺፍት ስለምሠራ ይህን ሁሉ ለባለቤቴም ለአያቷም አንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጥቻለሁ።

ድካሙን ከሐዘን ለዩት። ልጅ ከጓደኛ ከራቀ፣ የሚወደውን ከተወ፣ እንቅልፉ ከተዛባ፣ ጭንቀት ወይም ድብርት ሊሆን ይችላል። ይህ ራሱ ትኩረትን ይሰርቃል፣ ሕክምናም አለው። እኛ አበሾች በዚህ ነገር ዝም እንላለን፤ እባካችሁ ዝም አትበሉ። ልጁ ባልኖርኩ የሚል ቃል ከተናገረ ቀን አትቁጠሩ፤ አሜሪካ ውስጥ 988 ደውሉ።

በአንድ ሳምንት ውስጥ በድንገት ከባሰባት ደግሞ ትምህርቱን ትታችሁ ወደ ሐኪሙ ደውሉ። አዲስ ምልክት መጥቶ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ማገርሸት ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ወይም ሙቀትም ለጊዜው ያባብሳል፤ ሲበርድ ይመለሳል።

ለማስታወስ ተብሎ የሚሸጥ ብዙ ክኒን አለ። ይህን ችግር እንደሚፈታ የተረጋገጠ የለም። የተረጋገጠው አዲስ ቁስል እንዳይፈጠር የሚከላከለው የኤምኤስ መድኃኒቷ ነው፤ እሱን አታሳልፉ። ጸበል እንወስዳታለን፣ መድኃኒቷንም ይዛ ነው የምትሄደው። ጾም ሲገባ ከሐኪሟም ከንስሐ አባቷም ጋር እንነጋገራለን።

ፕላኑ በየዓመቱ ይታደስ፣ ልጁም ስብሰባው ላይ ይቀመጥ። ሚጡ አሁን 16 ሆናለች። በዘንድሮው ስብሰባ እኔ ወረቀቴን ስገልጥ እሷ ቀደመችኝ። «የታሪክ ፈተና የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው፣ ያን ሰዓት ምንም አላስብም፣ ወደ ጠዋት አዙሩልኝ» አለቻቸው። አስተርጓሚው ሲነግረኝ እነሱ እየጻፉት ነበር። ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ሆነ።