የኖኅን ታሪክ ስናነብና ስናስተምር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ ክረምቱ ሲበረታና ወንዙ ሞልቶ አላሻግር ሲል የኖኅ ስም ከሰው አፍ አይጠፋም። ታሪኩን የማያውቅ ምእመን የለም ማለት ይቻላል። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል፤ እናውቀዋለን ስለምንል አናነበውም። ኦሪት ዘፍጥረትን ከምዕራፍ 6 እስከ 9 ቁጭ ብሎ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ይሁን እንጂ በየዝክሩና በየጉባኤው የሚነገረው ኖኅ ብዙ ጊዜ ከመጽሐፉ ኖኅ ጋር አይገናኝም። በደብረ ብርሃን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ይህን ክፍል ሳስተምር፣ ከወላጆቻቸውም ጋር ስነጋገር ደጋግመው ያጋጠሙኝን ስህተቶች እዚህ አነሣለሁ። አንዳንዶቹ ቀላል ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ሰው ያቆስላሉ።

አደጋ የደረሰበትን ሰው “ኃጢአቱ ነው” ማለት

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። በ1998 ዓ.ም. መባቻ በደብረ ሲና አካባቢ፣ ይዛባ ወይን በሚባለው ቦታ መሬት ተንሸራትቶ ብዙ ቤተሰብ ከቤቱና ከእርሻው ተፈናቀለ። ከጣርማ በር ገደል ሥር ያለውን አገር ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ነው፤ አፈሩ ልል ነው፤ ክረምቱን ሙሉ የጠጣው ውኃ ሲበዛበት ይከዳል። እንዲህ ያለ መከራ በደረሰ ቁጥር ግን “የሠሩትን እርሱ ያውቃል” የሚል ሰው አይጠፋም። ማስረጃ አምጣ ቢሉት የሚጠቅሰው የኖኅን ዘመን ነው።

እንዲህ የሚል ሰው ታሪኩን እስከ መጨረሻው አላነበበም። በምዕራፍ 9 ቁጥር 11 እግዚአብሔር ሥጋ ለባሽን ሁሉ ዳግመኛ በጥፋት ውኃ እንደማያጠፋ ቃል ገብቷል። ስለዚህ በቆላው ወንዝ ሰብሮ ማሳ ሲጠርግ ያንን ጎርፍ የኖኅ ውኃ ተከታይ አድርጎ መስበክ ቃል ኪዳኑን መርሳት ነው። ጌታችን ራሱ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ገልጿል። ከዚያም ፊቱን ወደሚያዳምጡት አዙሮ ንስሐ እንዲገቡ አስጠንቅቋል። ሉቃስ ምዕራፍ 13 ላይ ይገኛል። የተግሣጹ አቅጣጫ ወደ ማን እንደ ነበር ልብ በሉ፤ ወደ ሟቾቹ አልነበረም።

እኛ ታሪኩን ስንሰማ ራሳችንን ወዲያው መርከቡ ውስጥ እናስቀምጣለን፤ ጎረቤታችንን ደግሞ ውኃው ውስጥ። ማን ፈቀደልን? መጽሐፉ የውኃውን ነገር ከማንሣቱ በፊት የእግዚአብሔርን ሐዘን ያስቀድማል፤ “በልቡም አዘነ” ይላል ምዕራፍ 6 ቁጥር 6። በዚህ ታሪክ ውስጥ ለቅሶ የተቀመጠው ፈጣሪ ራሱ ነው። ሐዘኑን ዘሎ ቁጣውን ብቻ የሚሰብክ ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ ሟቹ ጥፋት እንደሚያወራ እንግዳ ነው። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ሲመጣ ቀዳሚው ቃላችን “እግዚአብሔር ያጽናህ” መሆን አለበት፤ ቀጥሎ ማደሪያና እህል ነው።

መብላትና ማግባትን የዘመኑ ጥፋት ማድረግ

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 በኖኅ ዘመን ሰዎች ይበሉና ይጠጡ፣ ያገቡና ይጋቡ እንደ ነበር ተጽፏል። ከዚህ ተነሥተው የጥር ሙሽራ ላይ ቁጣ የሚያወርዱ ሰባኪዎች አሉ። ሠርግ ከአቅም በላይ መደገስ የራሱ ችግር አለው፤ ግን ውኃውን ያመጣው እርሱ አይደለም። ጌታ የተናገረው ሰዎቹ የዕለት ኑሯቸውን እየኖሩ፣ የሚመጣውን ሳያውቁ መያዛቸውን ነው። ጥፋታቸው ምን እንደ ነበር ለማወቅ ወደ ዘፍጥረት 6 ቁጥር 11 መመለስ ያስፈልጋል፤ “ምድርም ግፍን ተሞላች”።

ግፍ። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ቆጥራ የጠበቀችው መጽሐፈ ሄኖክም ይህንኑ በሌላ መንገድ ይነግረናል። በዚያ የተወለዱት ረዓይት፣ ማለትም ግዙፋኑ፣ መጀመሪያ ያደረጉት የሰውን የድካም ፍሬ ሁሉ መብላት ነው፤ ያ ሲያልቅ ሰዎቹን ራሳቸውን መብላት ጀመሩ። ስለ ረዓይት ቁመት ሲከራከር የሚውል ወጣት ብዙ አይቻለሁ። በዘፍጥረት 6 የእግዚአብሔር ልጆች የተባሉት መላእክት ናቸው ወይስ የአዳም ልጅ የሆነው የሴት ዘሮች የሚለው ክርክርም አያልቅም፤ ሊቃውንቱ በአንድምታ የሴትን ዘሮች ይመርጣሉ። ሁለቱም መንገዶች ግን የሚያደርሱን የሌላውን ላብ ወደሚበላ ትውልድ ነው። እንግዲህ በእኛ አገር የኖኅን ዘመን መስበክ የሚፈልግ ሰው ርእስ አያጣም። ወሰን የሚገፋ አለ፤ የሟች ወንድሙን ልጆች ከርስታቸው የሚነቅል አለ፤ የእረኛውን ዓመት ሙሉ ድካም በአሮጌ ጋቢ የሚሸኝ አለ። በጾሙ ጊዜ ሥጋ የማይቀምስ ሰው ይህን ሁሉ ሊያደርግ ይችላል።

እምነትን በመርከቡ ስባሪ ላይ ማቆም

በየጊዜው “የኖኅ መርከብ ተገኘ” የሚል ፎቶግራፍ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። መጽሐፉ መርከቡ ያረፈው “በአራራት ተራሮች” ላይ ነው ይላል፤ አገሩን በጥቅሉ ያመለክታል እንጂ አንድ ጫፍ ለይቶ አይጠራም። ዛሬ አራራት የሚባለው፣ ቱርክ ውስጥ ያለው 5,137 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ነው። እዚያ የተገኘ ነገር ሁሉ ሲወራ ቆይቶ ሲከስም የልጆች እምነት አብሮ እንዲንገዳገድ ማድረግ ጥፋት ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ባቢሎናውያን በሸክላ ጽላት ላይ የጻፉት የጥፋት ውኃ ታሪክ እንዳለ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲሰሙ የሚደነግጡ አሉ። ለምን ይደነገጣል? ሁለቱን አስተያይቶ ማንበብ ይጠቅማል። ከጥንታውያኑ የባቢሎን ታሪኮች በአንዱ አማልክቱ ሰውን ለማጥፋት የተነሡት ጫጫታው እንቅልፍ ስለ ነሣቸው ነው። በኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔር የሚነሣው ደካማው ስለ ተገፋ ነው። ልዩነቱን አይቶ ያደነቀ ተማሪ ከተራራው ላይ እንጨት የሚፈልግበት ምክንያት አይኖረውም።

ሥዕሉን ከጽሑፉ ማስቀደም

ይህ ቀላሉ ነው። እንስሳት ሁሉ ሁለት ሁለት ሆነው አልገቡም፤ ንጹሕ ከሆኑት ሰባት ሰባት እንደ ገቡ ምዕራፍ 7 ቁጥር 2 ይናገራል። ኖኅ ሲወጣ መሥዋዕት ያቀረበው ከእነዚህ ነው። መርከቡ 300 ክንድ ርዝመት፣ 50 ክንድ ስፋት፣ 30 ክንድ ከፍታና ሦስት ደርብ ነበረው፤ ስለ መቅዘፊያም ሆነ ስለ ሸራ ግን አንዳች አልተጻፈም። በሩንም የዘጋው ኖኅ አይደለም፤ እግዚአብሔር ነው። ይህን አንዱን ብቻ ለልጆች ማስተዋል ቢቻል፣ በሩን በኃጥአን ፊት ጠርቅሞ የዘጋ ጨካኝ ሽማግሌ ከአእምሯቸው ይወጣል።

የልጆችን ጥያቄ ማፈን

አንድ ቀን ከትምህርቱ መካከል አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ “መምህር፣ ሕፃናቱስ ምን አጠፉ?” አለችኝ። ከኋላ የተቀመጡት ትልልቆቹ “ዝም በይ” አሏት፤ አንዱ እንዲያውም በክርኑ ጎሸም አደረጋት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዝም እንዲሏት አልፈቀድሁም። ጥያቄዋ ከክህደት የመጣ አይደለም፤ ከርኅራኄ የመጣ ነው። አብርሃምስ ስለ ሰዶም በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ የጠየቀው ይህንኑ አይደለምን?

የሰጠኋት መልስ ከጴጥሮስ ነው። በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ ክርስቶስ በወኅኒ ወዳሉት ነፍሳት ሄዶ እንደ ሰበከላቸው ይጽፋል። እነማን ናቸው ቢባል፣ በኖኅ ዘመን መርከብ ሲዘጋጅ ያልታዘዙት መሆናቸውን ስም ጠርቶ ይናገራል። ውኃው የዋጣቸው ሰዎች ዘንድ ጌታ በመስቀል ከሞተ በኋላ ወርዷል። አስተማሪ ይህን ካልነገረ የኖኅን ታሪክ ለክርስቲያን አልነገረም። ስለ እያንዳንዱ ሕፃን ዕጣ ዝርዝር አልሰጠኋትም፤ እስከዚያ ድረስ የወረደ ጌታ እንደማይረሳቸው ግን በሙሉ ልብ ነገርኋት።

ይህን ለማስረዳት ከትንሣኤ ዋዜማው ቅዳሜ፣ ከቀዳም ሥዑር የተሻለ ቀን የለም። ጠዋት ካህናቱ “ገብረ ሰላም በመስቀሉ” እያሉ ቄጤማ ያድላሉ፤ ሰዉ ተቀብሎ ራሱ ላይ ያስራል። ርግቧ ለኖኅ ለምለም የወይራ ቅጠል ይዛ የውኃውን መጉደል እንዳበሠረች፣ ቄጤማውም የሞትን መሸነፍ ያበሥራል። ያው ቀን ጌታ ወደ ሲኦል የወረደበትን የምናስብበት ነው። የኖኅ ዘመን ነፍሳትና የኖኅ ርግብ በአንድ ቀን ይታሰባሉ ማለት ነው። ቄጤማውን የባህል ጌጥ አድርጎ አስሮ መዋል ያሳዝናል፤ እናቶች ሲያስሩላቸው ለልጆቻቸው ምክንያቱን አብረው ይንገሯቸው።

ጥምቀትን የማትሰጥም መርከብ ማድረግ

ጴጥሮስ ስምንት ነፍስ በውኃ የዳኑበትን ታሪክ የጥምቀት ምሳሌ ያደርገዋል። ወዲያውም የሥጋን እድፍ ማስወገድ እንዳልሆነ፣ ለእግዚአብሔር የበጎ ሕሊና ልመና እንደሆነ ይጨምራል። ወንድ ልጅን በ40፣ ሴት ልጅን በ80 ቀን አስጠምቆ ከዚያ በኋላ ስለ ሕሊናው አንድ ቃል የማያስተምር ወላጅ ግማሹን መንገድ ቀርቷል።

እንስሳቱን ከቃል ኪዳኑ ማስወጣት

ቀስተ ደመና ሲወጣ “የማርያም መቀነት” ብለን እንደሰታለን። በየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓልም ኪዳነ ኖኅ ከቀደሙት ኪዳኖች አንዱ ሆኖ ይነሣል። ቃል ኪዳኑ ከማን ጋር እንደተገባ ግን እንዘነጋለን። በምዕራፍ 9 እግዚአብሔር ከኖኅና ከዘሩ ጋር ብቻ አልተማማለም፤ ከወፎች፣ ከእንስሳትና ከምድር አራዊት ሁሉ ጋር ነው፤ ደጋግሞም ይናገረዋል። በመንዝ የጓሳን የሣር ምድር ያቆዩን አባቶቻችን ይህን በተግባር ያውቁት ነበር። በቀሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ በጊዜው ከፍተው፣ ለጣሪያና ለከብት የሚበቃውን ብቻ ያጭዱ ነበር። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬም እዚያ የሚታዩት ለዚህ ነው። ጓሳን የሚጠብቅ ገበሬ ከኪዳነ ኖኅ ጋር የሚሠራ መሆኑን ከመድረክ ቢሰማ ደስ ይለኛል።

የካምን እርግማን በሰው ላይ መጫን

ብዙዎች ታሪኩን ቀስተ ደመናው ላይ ይዘጋሉ። ከዚያ ወዲያ ግን ኖኅ ወይን ተክሎ ይሰክራል፤ ካም የአባቱን ዕራቁትነት አይቶ ለወንድሞቹ ይናገራል። በአውሮፓና በአሜሪካ ባሪያ ፈንጋዮች ጥቁር ሕዝብን ለመግዛት “የካም እርግማን” ብለው የጠቀሱት ይህንን ነው። አሳፋሪው ነገር በእኛም መካከል ይህንኑ የሚደግም መገኘቱ ነው። ጽሑፉ ግልጽ ነው፤ የተረገመው ካም አይደለም፣ ከነዓን ነው። የካም ልጆች ኩሽ፣ ምጽራይም፣ ፉጥና ከነዓን ናቸው፤ ኩሽ ላይ አንድ የእርግማን ቃል አልወጣም። የወጣውም ቃል ከኖኅ አፍ ነው፤ እግዚአብሔር ተናገረ አልተባለም።

በአገራችን ደግሞ እርግማን ፍለጋው ሌላ መልክ አለው። በአንኮበር ዙሪያ ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩና የሚሸምኑ ቤተሰቦች “ጠይብ” እየተባሉ፣ በቡዳነት እየተጠረጠሩ፣ ከጋብቻ እየተገለሉ ኖረዋል። አንዳንዱ “የቃየል ዘር ናቸው” እስከ ማለት ይደርሳል። አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ልማዱ ወዲያው አልጠፋም። በታሪኩ መሠረት ግን ከውኃው የወጡት ኖኅና ቤተሰቡ ብቻ ናቸው፤ ኖኅም የቃየል ወንድም የሆነው የሴት ዘር ነው። ምዕራፍ 9 ቁጥር 19 ምድር ሁሉ ከሦስቱ የኖኅ ልጆች እንደ ተሞላች ይናገራል። የቃየል ዘር የሚባል ተለይቶ የቀረ ጎረቤት ከየት ይመጣል?

በሽምግልና ወይም በጋብቻ ጥያቄ ላይ ይህን ንግግር የሚያነሣ ሰው ከገጠማችሁ አትሟገቱት። መጽሐፉን አውጥታችሁ ከምዕራፍ 9 ቁጥር 25ን ያንብብ፤ የተጠራው ስም የማን እንደሆነ ራሱ ይናገር። ከዚያ ወደ ቁጥር 19 ተመልሳችሁ፣ የልጅቱ ቤተሰብ ባሉበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ጠይቁት።