«ውሉን ያፈረሰ ወገን…» ቅጣት ያለበት ወረቀት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት

ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት በር ላይ ካሉት ራፖር ጸሐፊዎች ጋ ሄዳችሁ የቤትም በሉት የባጃጅ ሽያጭ ውል ብታስጽፉ መጨረሻው ላይ ያቺ የለመድናት ዓረፍተ ነገር አትቀርም፣ «ይህን ውል ያፈረሰ ወገን ለመንግሥት ብር 5,000 ለውል አክባሪ ብር 50,000 ገደብ ከፍሎ ውሉ በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ይሁን» ምትለዋ (ገደብ ማለት ውሉን ያፈረሰ ሚከፍለው ቅጣት ነው፣ ፍ/ብ/ሕ/ቁ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር)። ሁላችንም እንደ አሜን ነው ምናልፋት። ጸሐፊው ቀና ብሎ «ገደቡን ስንት ላድርገው?» ሲል ሻጭና ገዢ ይተያዩና አንዱ «ኧረ እኛ ተማምነናል፣ የተለመደውን ጻፍበት» ይላል፣ አለቀ።

እኔም እንደዛው ስል ኖሬ በአንድ የብረት በር ምክንያት ነው የነቃሁት፣ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ቅጣት ሚል ነገር ስታዩ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፣ ይሄ ብር ከፍዬ ምወጣበት በር ነው ወይስ እንዳልወጣ የታጠረብኝ አጥር? ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ለምሳሌ ቀብድ በር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ (የ1952ቱ) ቁጥር 1885 ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ ሰጪው ቀብዱን ትቶ ከውሉ መውጣት ይችላል፣ ተቀባዩ ደግሞ እጥፍ አድርጎ መልሶ መውጣት ይችላል ይላል። ማለትም ለቤቱ 20,000 ቀብድ ሰጥታችሁ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ 20,000ው ቀረ፣ ሻጩ የተሻለ ገዢ አግኝቶ ቢከዳችሁ ደግሞ 40,000 ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ቤቱን የግድ ምትፈልጉት ከሆነ ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» አታስብሉ፣ «ከሽያጩ ዋጋ ላይ ቅድሚያ ክፍያ» አስብሉ፣ አለበለዚያ ለሻጩ መውጫውን ራሳችሁ ከፈታችሁለት በኋላ ከዳኝ ብሎ ማልቀስ ነው።

ገደብ ግን ሌላ ነው (መቀጮ ሚሉትም አሉ)። ከ1889 ጀምሮ ያሉትን ቁጥሮች ብታዩ ገደብ ስለተጻፈ ብቻ ውሉ አይቀርም፣ ውል አክባሪው «ብርህን አልፈልግም፣ እንደ ውሉ ፈጽምልኝ» ማለት ይችላል። ሁለቱን አንድ ላይ፣ ፈጽምም ገደቡንም ክፈል ማለት ግን በመርህ ደረጃ አይቻልም፣ ገደቡ ለመዘግየት ወይም ከዋናው ጎን ላለ ተጨማሪ ግዴታ የተጻፈ ካልሆነ በቀር። አሁን ያቺን የራፖር ጸሐፊ ዓረፍተ ነገር መልሳችሁ አንብቧት፣ «ገደብ ከፍሎ ውሉ የጸና ይሁን» ነው እኮ ምትለው! ገደቡ ለምኑ እንደሆነ ሳይለይ ሁለቱንም ትጠይቃለች፣ ክርክሩም ከዚያ ይጀምራል። ለመንግሥት የተባለውን 5,000 ደግሞ ሊወስድ የመጣ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ሌላው ሰው ማያውቀው ነገር፣ ገደብ ለመጠየቅ ይሄን ያህል ከሰርኩ ብሎ ማስረዳት አያስፈልግም፣ ባትከስሩም ይከፈላል። ከገደቡ በላይ ከስራችሁ ደግሞ ትርፉን ምትጠይቁት ያኛው ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ካጠፋ ነው። «ብሩ ከበዛ ዳኛው ይቀንስልኛል» ብሎ መፈረም ደግሞ ሞኝነት ነው፣ ሕጉ ውሉ በከፊል ካልተፈጸመ በቀር ዳኛው ተዋዋዮች የቆረጡትን እንዲለውጥ አይፈቅድም። ስለዚህ ስትፈርሙ ምትፈሩትን ቁጥር ሳይሆን ምትከፍሉትን ቁጥር ጻፉ።

የበርና የአጥሩ ነገር በደንብ የገባኝ በኳስ ነው። ሰኔ 25 ቀን 2002 ዲኤስቲቪ ቤት ታፍገን የዓለም ዋንጫውን የጋናና የኡራጓይ ጨዋታ ስናይ፣ 1ለ1 ሆነው ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሲል የኡራጓዩ ሱዋሬዝ የጎሉ መስመር ላይ ቆሞ ጎል ምትሆነዋን ኳስ በእጁ መለሳት። ቀይ ካርድ፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ሕጉ ያለው ሁሉ ተፈጸመበት። የጋናው አሳሞአ ጂያን ምቱን አግዳሚው ላይ መታው፣ በመለያ ምት ኡራጓይ 4ለ2 አለፈች። ቤቱ ውስጥ ስድብ ብቻ ነበር። ግን ሰውየው ምን አደረገ፣ የቅጣቱን ዋጋ አይቶ ገዛው! ፔናሊቲ ወደ ሕጉ የገባው በፈረንጆቹ 1891 ነው፣ ሐሳቡን ያመጣውም ዊልያም መክረም ሚባል አይርላንዳዊ በረኛ ነው፣ በረኛ ራሱ ላይ ሲፈርድ አይገርምም? የመለያ ምቱንም ፔናሊቲ እንለዋለን እንጂ እሱ ማንንም ሚቀጣ አይደለም፣ ያጠፋ የለማ።

እድራችን ውስጥም ሱዋሬዝ ነበረን። ቀብር የቀረ 50 ብር ይቀጣል ተብሎ አንዱ ነጋዴ በየወሩ እየቀረ ብሩን በልጁ ይልክ ጀመር፣ ሲጠየቅም «ከፍያለሁ አይደል?» ነው መልሱ። ሽማግሌዎቹ ብሩን አልጨመሩበትም፣ ሦስቴ የቀረ ድንኳንና ዕቃ አይወጣለትም አሉ እንጂ። በሚቀጥለው ቀብር አካፋ ይዞ ከሁሉም ቀድሞ ተገኘ።

የመንግሥት ቅጣትን ከዚህ ጋር አታምታቱ። ሰው ደብድቦህ በወንጀል መቀጮ ቢፈረድበት ብሩ ወደ መንግሥት ካዝና ነው ሚሄደው፣ ያንተ የሕክምና ወጪ ካሳ ተብሎ ለብቻው ነው ሚጠየቀው። እስር ደግሞ በግል ውል አይጻፍም፣ «ካልከፈልኩ ልታሰር» ብሎ ያስጻፈ ሰው አይቼ ስለማውቅ ነው።

ወደ በሩ ልመለስ። ቤት ስሠራ አንድ ብረት ሠሪ በ15 ቀን ላደርስ፣ ካዘገየሁ በቀን 300 ብር ብሎ ፈረመ። 20 ቀን አዘገየ። ብርድ ነው፣ የጥቅምት የደብረ ብርሃን ብርድ፣ በር በሌለው ቤት አቡጀዲ ሰቅለን። 20 በ300 አባዝቼ 6,000 ብዬ ብሄድ «መብራት ጠፍቶ ነው ጋሼ፣ በምን ልበይድ፣ ከአቅም በላይ ነው» አለኝ። ከአቅም በላይ ለመባል እኮ ሊታሰብ ማይችል ነገር መሆን አለበት፣ ደብረ ብርሃን ላይ መብራት ይጠፋል ብሎ ያላሰበ ብረት ሠሪ ካለ ስሙን ከከተማው ስም ጋር ያስተያየው። እኔም ግን ጥፋት ነበረብኝ፣ ቀኑ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ አልሰጠሁትም፣ ሕጉ ደግሞ በመርህ ደረጃ መጀመሪያ አስጠንቅቅ ነው ሚለው፣ ውሉ ላይ አያስፈልግም ተብሎ ካልተጻፈ። በሽማግሌ 3,000 ተቀነሰልኝ፣ ማጠፊያውንም በነጻ ቀየረው።

ከዚያ ወዲህ ለማንም ባለሙያ ማስጽፈው እንዲህ ነው፣ ገልብጡት፦ «ሥራው እስከ ጥር 20 ቀን ካልተጠናቀቀ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ እንደዘገየ ይቆጠራል፤ ለዘገየበት እያንዳንዱ ቀን ብር 300 ከቀሪ ክፍያው ላይ ይቀነሳል፤ ይህም ሥራውን ከመጨረስ ግዴታው ነጻ አያደርገውም፤ የመብራት መቋረጥ ምክንያት አይሆንም።» ቀሪ ክፍያውን ሥራው ሳያልቅ እንዳትሰጡ፣ ከምን ላይ ልትቀንሱ ነው?