የልጄ ሹሩባ በሁለት ቀን ሲፈታብኝ

የአራት ዓመቷ ልጄ ፀጉር ጥቅልል ያለ ነው። ሹሩባዋ በሁለተኛው ቀን ይፈታል። ሳበጥራት እሪ ትላለች፤ ሚዶው ላይ ብጥስጣሽ ይቀራል።

መጀመሪያ ቫዝሊን አበዛሁ። የጎንደርን የበጋ አቧራ ሰበሰበ እንጂ አላለሰለሰውም። ቀጥሎ አጥብቄ ጎነጎንኳት። ግንባሯ ዳር ቀልቶ ሌሊቱን ሳትተኛ አደረች። አንጀቴን በላችው፤ ወዲያው ፈታሁላት።

የተሳካልኝ ደረቁን ማበጠር ስተው ነው። ፀጉሯን በውሃ አርሼ ኮንዲሽነር ቀባሁት። አራት ቦታ ከፈልኩት። ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምሬ ወደ ሥሩ ወጣሁ። ሥሩን በሌላ እጄ ጨብጬ ነው፤ ሕመሙን የቀነሰላት ይሄ ነው። የተቋጠረውን በጣቴ ፈታሁ። ከዚያ ሳላጠብቅ ጎነጎንኩ።

ማታ ማታ የሳቲን ሻሽ አስርላታለሁ፤ የጥጥ ትራስ ሹሩባውን እያሻሸ ይፈታዋል። አሁን ሳምንት ይቆያል።