«የእግር ቁስል» ብሎ ማለፍ፦ በካርድና በኮድ ሥራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ሸዋ ደጋ ባሕር ዛፍ ሲፈልጥ መጥረቢያ ቅልጥሙን የመታው ገበሬም፣ ተረከዙ ለወራት አልሽር ያለው የስኳር ሕመምተኛም ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ቃላቸው አንድ ነው፦ «እግሬን ቆስያለሁ»። አልተሳሳቱም። በአማርኛ እግር ከታፋ እስከ ጣት ድረስ ነው፤ ቁስልም ቁስል ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው እኛ ባለሙያዎች ይህንኑ ቃል እንግሊዝኛ አልብሰን ካርዱ ላይ ስናሳርፈው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ቦታውን አለመለየት ነው። ለእያንዳንዱ በሽታና ጉዳት የፊደልና የቁጥር መለያ (ኮድ) በሚሰጠው በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ 10ኛ እትም የተቆረጠ ወይም የተቀደደ ቁስል ታፋ ላይ ከሆነ ኤስ71፣ ጉልበትና ባት ላይ ከሆነ ኤስ81፣ ከቁርጭምጭሚት ወደ ታች ከሆነ ኤስ91 ነው። ቀኝና ግራን ግን እነዚህ ኮዶች አይለዩም፤ ካርዱ ላይ ካልተጻፈ የትም አይገኝም።

ሁለተኛውና እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ መንስኤውን መተው ነው። ኤል97 ሌላ ቦታ ላልተመደበ የቆየ የእግር ቁስል የተሰጠ ኮድ ነው፤ እኛ ግን የሁሉም መጣያ አድርገነዋል። ካበጠ ደም ሥር የመጣው አይ83.0፣ ከሁለተኛው ዓይነት ስኳር የመጣው ኢ11.5 የራሳቸው ቦታ አላቸው። ኮድ የሚሰጠው ባለሙያ ያልተጻፈ ነገር ሊገምት አይችልም፤ መገመትም የለበትም። አንድ ጊዜ የአንዲት እናት ካርድ ሳገላብጥ የሦስት ወር ጽሑፍ «የእግር ቁስል፣ ፋሻ ተቀየረ» የሚል ብቻ ሆኖ አገኘሁት። «እማማ፣ ውሃ ጥም ይበዛብዎታል?» አልኋቸው። «ኧረ ልጄ፣ እንስራም አይበቃኝ» አሉኝ። ለካ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስኳራቸውን የለካ አልነበረም።

አደጋ ከሆነም ምን እንዳደረሰው ይጻፍ። የውሻ ንክሻ ከቁስሉ ኮድ ጋር ደብልዩ54 ይጨመርበታል። «ውሻ» የምትለዋ ቃል ከካርዱ ከጠፋች ቀጣዩ ተረኛ የእብድ ውሻ ክትባትን ነገር በምን ያስታውሳል?

«ቁስሉ ደህና ነው» የሚለው ሌላው በሽታችን ነው። ከምን አንጻር ደህና? ርዝመቱ፣ ስፋቱና ጥልቀቱ በሴንቲሜትር ይለካ፤ መግል፣ ሽታ፣ የጠቆረ ሥጋ መኖር አለመኖሩ፣ የእግሩ የደም ምትና የቆዳው ስሜት ይመዝገብ። ዛሬ 4 በ3 የነበረ ቁስል ከሁለት ሳምንት በኋላም 4 በ3 ከሆነ ፋሻ መቀየሩ ብቻ አልበቃም ማለት ነው። የትናንቱን ጽሑፍ መገልበጥ ይህንን ይደብቃል።

ቀንም ያሳስታል። 1/6 ብቻ ከተጻፈ የካቲት 1 ነው ወይስ በፈረንጆቹ ሰኔ 1? ዓመተ ምሕረቱና የዘመን አቆጣጠሩ አብረው ይስፈሩ።

ተሳስተው ከጻፉ ደግሞ አይፋቁት፣ በነጭ ቀለምም አይሸፍኑት። የተሰረዘው እንዲነበብ በአንድ መስመር ይሰርዙ፤ ትክክለኛውን ከጎኑ ጽፈው ቀንና ፊርማ ያኑሩበት።